የጥላ ዕዳ

ከብዙ ዘመን በፊት፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ትምህርት አልገባው ያለ አንድ ልጅ ከአክሱም ሸሽቶ ወጣ። ትውፊት እንደሚተርከው ልጁ ያሬድ ነበር። አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን መዝሙረ ዳዊትን ሊያስጠኑት ቢደክሙ ቃሉ ከልቡ አልገባ አለ፤ ጓደኞቹ ሣቁበት፤ መምህሩም ገረፉት። ማይ ኪራሕ ከተባለው ቦታ ሲደርስ ከምንጭ አጠገብ በቆመች አንዲት ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያ የሚገሥጸውም ሆነ የሚያጽናናው ሰው አልነበረም፤ የነበረው አንድ ትል ብቻ ነው። ትሉ የዛፏን ፍሬ ለመብላት ሽቅብ ይወጣል፤ ከመካከል ሲደርስ ይወድቃል፤ እንደገናም ይነሣል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ልጁም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ዜማ አባት ያሰኘው መንገድ ከዚያች ዛፍ ሥር እንደ ተጀመረ ይነገራል።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ዘወትር የሚጠቀሰውም ስለ ትዕግሥትና ስለ ጽናት ነው። ይሁን እንጂ ትሉን ያደነቀ ሁሉ ዛፏን ይረሳታል። ልጁ ትሉን ሊያይ የቻለው ስለ ተቀመጠ ነው፤ የተቀመጠውም ጥላ ስላገኘ ነው። በግርፋትና በኀፍረት የታወከ አእምሮ የአንድ ትል ውጣ ውረድ እስከ ሰባት ለመቁጠር የሚበቃ እርጋታ ከየት አገኘ? ዛፍና ምንጭ፣ ሜዳና ተራራ ለሰው ኅሊና ምን ያደርጉለታል? የሚያደርጉለት ነገር ካለስ ለሰው ሁሉ ነው ወይስ ለጥቂቶች?

ሌላው ታላቅ መምህር ዛፍ ምንም እንደማያስተምር ተናግሮ ነበር። ግሪካዊው ሶቅራጥስ ከአቴና ቅጥር ውጭ እምብዛም የማይወጣ የከተማ ሰው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ «ፌድሮስ» በተባለው ድርሰቱ እንደሚያሳየው፣ አንድ ቀን ወዳጁ ፌድሮስ አግባብቶ ከከተማ ሲያወጣው ስለዚሁ ጠባዩ ይገረምበታል። ሶቅራጥስም ዕውቀትን የሚወድ ሰው እንደ ሆነ፣ ዛፍና ገጠር ሊያስተምሩት እንደማይፈቅዱ፣ የሚማረውም በከተማ ካሉ ሰዎች እንደ ሆነ ይመልስለታል። ዳሩ ግን ፕላቶ የተውኔት ዐይን ያለው ጸሐፊ ነውና ሶቅራጥስን ይህን ያናገረው በገበያ አደባባይ አቁሞ አይደለም። ሶቅራጥስ ይህን የሚለው በኢሊሶስ ወንዝ ዳር፣ ቅርንጫፉ ከተንሰራፋ ትልቅ ዛፍ ሥር ሆኖ፣ የውሃውን ቅዝቃዜ በእግሩ ከሞከረ፣ የጥላውን ስፋት፣ የነፋሱን ለዛ፣ የሣሩን ልስላሴ ካወደሰ በኋላ ጋደም ሊል ሲል ነው። ስለ ፍቅርና ስለ ነፍስ ከተናገራቸው ንግግሮች ሁሉ እጅግ ከሚደነቁት አንዱን ያሰማውም እዚያው ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን ማቆም ይቻላል። አንደኛው ከዛፍ ሥር ትምህርት አገኘ፤ ሁለተኛው ዛፍ አያስተምርም አለ። ሁለቱም ግን የተቀመጡት ከጥላ ነው። የሁለቱን ክርክር የሚያስታርቀው ምናልባት ይኸው ነው፤ ዛፍ ምክር የለውም፤ የተበተነውን ሰው ግን ሰብስቦ ለመማርና ለማሰብ የሚበቃ አድርጎ ይመልሰዋል።

አማርኛ ስለዚህ ነገር ከፈላስፎች ቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። ልቡ የተጨነቀ ሰው «ወጣ ብዬ አየር ልቀበል» ይላል። አየር እንደ ሸቀጥ አይገዛም፤ እንደ እንግዳ ይቀበሉታል። እንግዳ የሚቀበልም ሰው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል እንጂ አያዝዝም። «ነፍስ»፣ «ነፋስ»፣ «እስትንፋስ» የሚባሉት ቃላትም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ በውጭ ያለውን ዱርና ወንዝ፣ በውስጥ ያለውንም የሰው ጠባይ በአንድ ስም ይጠራል። «ተፈጥሮዬ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። በቋንቋው ሚዛን ከታየ ተፈጥሮን ለማየት የወጣ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ የተመለሰ ነው ማለት ይቻላል።

* * *

ቃል ምስክር ቢሆን እንጂ ማስረጃ አይሆንም ለሚል ሰው የዘመኑ ሳይንስ የሚያቀርበው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አወጣ። በፔንስልቬንያ ከሚገኝ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ መርምሮ ነበር። የ23ቱ መስኮት ወደ ዛፎች ያሳያል፤ የቀሩት የ23ቱ መስኮት ወደ ጡብ ግድግዳ ያሳያል። በዕድሜ፣ በጾታና በመሳሰለው የሚቀራረቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲነጻጸሩ፣ ዛፍ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ተኝተው ተገኙ። ዛፍ ያዩት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱት በጥቂቱ ነው፤ ነርሶች ስለ ምሬታቸው የጻፉት ማስታወሻም ያነሰ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የቀኑም ልዩነት ከአንድ ቀን አይሞላም። ይሁንና ሕሙማኑ ዛፉን አልነኩትም፤ ከሥሩም አልተቀመጡም፤ በመስታወት ውስጥ ብቻ አዩት። ለሕመምተኛ ደግሞ የአንድ ሌሊት ሕመም መቅለሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከሞከሩት መካከል የሚጠቀሱት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የተነሡት፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የሥነ ልቡና ሊቁ ዊልያም ጄምስ ካስተማረው ልዩነት ነው። የሰው ትኩረት ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ። አንደኛው በፈቃድና በጥረት የሚያዝ ነው፤ ሒሳብ ሲሠራ፣ መንገድ ሲሻገር፣ የአለቃን ቁጣ ሲታገሥ ሰው የሚጠቀመው በዚህ ነው። ይህ ትኩረት እንደ ክንድ ይዝላል፤ የዛለም ሰው ይቆጣል፣ ይረሳል፣ ይሳሳታል። ሁለተኛው ሳይጠሩት የሚመጣ ነው፤ ደመና ሲንሳፈፍ፣ ቅጠል ሲርገበገብ፣ ውሃ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ዐይን ያለ ድካም ይከተላል። ሁለተኛው ሲሠራ አንደኛው ያርፋል። የከተማ ጡሩምባና ማስታወቂያም፣ ዛሬ በየሰዉ መዳፍ ላይ የሚበራው ስልክም ዐይን ይስባሉ፤ ግን እየነጠቁ ነው። ዛፍ የሚስበው ሳይነጥቅ ነው፤ የተመለከተውን ሰው ለሌላም አሳብ ቦታ ይተውለታል።

በዚህ ብርሃን የያሬድ ትል እንደገና ይታያል። ትሉን ለመመልከት ልጁ ራሱን አላስገደደም። ለሚወጣና ለሚወርደው ፍጡር ዐይኑን ሲሰጥ፣ በራሱ ኀፍረት ላይ ተተክሎ የነበረው ልቡ ለጥቂት ጊዜ ከራሱ ላይ ተነሣ። ኀዘን ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ የከፋው ሰውን የዓለም መካከለኛ አድርጎ ማስቀመጡ ነው፤ ያዘነ ሰው ሁሉ ነገር ስለ እርሱና በእርሱ ላይ የሚሆን ይመስለዋል። ተራራ ይህን አያውቅም፤ ወንዝም ለማንም ብሎ አይፈስም። የሰው ልጅ ከማይፈርድበትም ከማያወድሰውም ፍጥረት ፊት ሲቀመጥ ትንሽነቱ አያስፈራውም፤ ይልቁንም ያሳርፈዋል።

* * *

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ለከተማ ሰው ጆሮ ደስ ያሰኛል። ገበሬ ቢሰማው ግን ምን ይላል? እርሱ ዘመኑን ሁሉ በሰማይ ሥር ይኖራል። ደመና ለእርሱ የሚንሳፈፍ ጌጥ ሳይሆን የልጆቹ ቀለብ ነው፤ ደመናውም ሳይዘንብ ሲያልፍ የሚሰማው ጭንቀት በማንም መስኮት አይለካም። በረዶው፣ ተምቹ፣ ከገደሉ የሚወጣው ዝንጀሮ ሁሉ ተፈጥሮ ናቸው። በአማርኛም «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ሸፈተ ማለት ነው እንጂ መንፈሱን ሊያድስ ሄደ ማለት አይደለም። ስለዚህ የተፈጥሮ ፍቅር የጠገበ ሰው ትርፍ፣ ካልሠሩበት መሬት ላይ ብቻ የሚበቅል ስሜት ነው የሚል ክስ ቢቀርብ በቀላሉ አይመለስም።

ክሱ በግልጥ የሚታይበት ቦታ ከአዲስ አበባ በላይ ያለው እንጦጦ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨረሰችው። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ዛፍ ተራራውን አለበሰው፤ ተራራው ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ያወጣና ያወርድ ጀመር።

አንደኛው ለአየር ለውጥ የሚወጣው ነው። ሯጮች በማለዳ ይሠለጥኑበታል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህም ብዙ ቤተ ሰብ ቅዳሜና እሑድ ይሄድበታል። ሁለተኛዋ እንጨት ተሸካሚዋ ሴት ናት። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ፣ ከቁመቷ የሚረዝም ሸክም በወገቧ አሥራ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ስትወርድ የከተማው ሕዝብ ለብዙ አሥርት ዓመታት በየቀኑ አይቷታል። ያው የባሕር ዛፍ ሽታ ለአንዱ ሳንባውን ይከፍትለታል፤ ለእሷ የላቧ ሽታ ነው። ያው ነፋስ ለአንዱ ይዘፍናል፤ ለእሷ ሸክሟን ይገፋባታል። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንደኛው ወደ ሰማይ ያያል፤ ሁለተኛዋ እግሯ የሚያርፍበትን ድንጋይ ታያለች።

ታዲያ ተፈጥሮ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ቀንበር የምትሆን አድሏዊ ናትን? ነገሩን በጥሞና የመረመረ ሰው እንዲህ አይልም። ዛፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከወገቧ ላይ ነው። ጫካውን በጀርባው የተሸከመ ሰው በጫካው ሊታከም አይችልም። የማረፍ ችሎታ ግን ከእሷ አልጠፋም። ሸክሟን ከመንገድ ዳር ግንብ አስደግፋ፣ ቀና ብላ፣ ከታች የተዘረጋውን ከተማ ለአፍታ ስትመለከት ፊቷ ላይ የሚያልፈው ነገር ከማንኛውም ሽርሽረኛ ፊት ላይ ከሚያልፈው አያንስም። የሚያንሰው ጊዜው ነው።

ገበሬውም ቢሆን ለክሱ የገዛ ማሳውን ምስክር ማድረግ ይችላል፤ ምስክሩ ግን ለከሳሹ አይመሰክርም። በብዙ የአገራችን ማሳዎች መካከል አንዲት ግራር ወይም ዋንዛ ቆማ ትታያለች። በሬዎቹ በእሷ ዙሪያ ይዞራሉ፤ ሞፈሩ ከሥሯ ይጋጫል፤ የሸፈነችው መሬት እህል ይነሣል። ቅጠሏ አፈሩን ታዳብር ይሆናል፤ ይሁንና እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹ ተፈትተው፣ አገልግሉ ተከፍቶ፣ ገበሬው ጀርባውን ለግንዷ ሲሰጥ የቆመችበት ሌላ ምክንያት ይገለጣል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መንፈስ መታደስ አይጽፍም፤ ስለ ትኩረት ድካምም አላነበበም። ነገር ግን ከማይተርፈው መሬት ላይ ለዕረፍት ድርሻ ቆርሶ ሰጥቷል። የጥላን ዋጋ ከእርሱ በላይ የከፈለበት የለም።

* * *

እንዲህ ከሆነ ጥያቄው ከስሜት ወደ ፍትሕ ይሸጋገራል። ተፈጥሮ ለኅሊና ዕረፍት የምትሰጥ መሆኗ እውነት ከሆነ፣ ዕረፍቱ ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ ግድ ነው። የኒው ዮርክን ማዕከላዊ መናፈሻ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ዮሰሚቴ ሸለቆ ባቀረበው ሪፖርት ይህን ነገር አንሥቶት ነበር። ውብ መልክዐ ምድር የሰውን አእምሮ ከድካምና ከሕመም ይጠብቃል፤ ባለጠጎች ግን ምርጥ ምርጡን ለራሳቸው አጥረው ይይዙታል፤ ስለዚህ ለሕዝብ ሁሉ ክፍት አድርጎ መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ ዛሬም አላረጀም።

ከተማ በሚስፋፋበት አገር ሁሉ መጀመሪያ የሚቆረጠው የድኻው ሰፈር ዛፍ ነው፤ መጨረሻ የሚተከለውም እዚያው ነው። በአዲስ አበባ ከገጠር መጥታ ከልጇ ጋር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት እናት በሐሳብ ትታይ። ምግብ አልጎደለባትም፤ ልጇም ይወዳታል። ጠዋት ጠዋት ግን በረንዳ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ከቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም ተክላለች፤ ከአሮጌ ባልዲ ውስጥ በሶብላ አብቅላለች። ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ ታሸታለች። ጎረቤቶቿ ለቡናና ለወጥ የሚሆን ቅመም የምታለማ ይመስላቸዋል። ያ ቆርቆሮ ግን የአንድ ሙሉ አገር ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገውን መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ ነው ማለት ሰው በእንጀራ ብቻ የሚኖር ፍጥረት ነው ማለት ይሆናል።

ከዚህ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ተፈጥሮ መድኃኒት ናት ተብሎ ከታወጀ፣ ሰው እንደ ኪኒን በልክ ሊወስዳት ይነሣል። ይህን ያህል ደቂቃ በጫካ መመላለስ፣ ይህን ያህል ጭንቀት ማራገፍ፣ ከዚያም ወደ ገበያው መመለስ! እንዲህ ያለው ሰው ዛፉን ለጥቅሙ ያገኘዋል፤ ጥቅሙ ያለቀ ቀንም ይቆርጠዋል። ጥቅምን በመፈለግ ብቻ የተጠበቀ ጫካ የበለጠ ጥቅም እስኪገኝ ድረስ ብቻ ይቆያል።

በሰሜን ኢትዮጵያ በአውሮፕላን የሚያልፍ መንገደኛ በታረሰው ቡናማ ምድር ላይ እዚህም እዚያም እንደ ነጠብጣብ የተረጩ ክብ ጫካዎች ያያል። በእያንዳንዱ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው ያለው ደን ሁሉ ተመንጥሮ ሲያልቅ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ኮሶው የቀሩት በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን ያጠኑት የደን ሊቅ ዓለማየሁ ዋሴ እንዳስረዱት እነዚህ ደኖች ለአገሪቱ ዕፅዋት ዘር የመጨረሻ መጠለያ ናቸው። በኦሮሞ ባህል ጉባኤ የሚቀመጥበትና ሕግ የሚደነገግበት ኦዳም አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድርም በእርሻውና በቡናው መካከል በክብር የተጠበቁ ጫካዎች አሉት። እነዚህን ዛፎች ያቆዩ ሰዎች ስለ አእምሮ ጤና አልተነጋገሩም። ያቆዩአቸው ስለ ክብር ነው። ጥቅሙም ሳይፈልጉት ተከትሎ መጣ፤ ከእርሻ የዛለው፣ ከሐዘን የተመለሰው፣ ከጎረቤቱ የተጣላው ሁሉ በእነሱ ሥር ተቀምጦ ተንፍሷል።

ይህ ማለት ክብር ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። መሬት የጠበበው ገበሬ ሞፈሩን እስከ ደኑ ጫፍ ያደርሳል፤ የራበው ከብትም የዛፉን ጡት ይግጣል። ስለዚህም በአንዳንድ ቦታዎች ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። አንዱ ሥራ ለእርሻውም ለደኑም ሲበጅ ማየት፣ ጥላና እንጀራ የግድ ባላንጣ እንዳልሆኑ ያስረዳል።

* * *

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ የሱባ መናገሻ ደን አለ። በትውፊት እንደሚነገረው በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዘሩን ከወፍ ዋሻ የተሸከመው፣ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ችግኙን ከፍየል የጠበቀው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ከጥላውም አልተቀመጠም። ዛሬ ከዚያ ሄዶ ልቡ የሚረጋ ሰው ሁሉ የሚያርፈው በማያውቀው ሰው ድካም ላይ ነው።

በአማርኛ ጠባቂና መከታ የሆነ ሰው «ጥላ ከለላ» ይባላል፤ ታላቅ ሰው ሲሞትም «ዋርካው ወደቀ» ይባላል። ሕዝቡ ጥላን ከሰው ክብር ጋር ያስተሳሰረው በከንቱ አይደለም። ጥላ ማንም ለራሱ ብቻ ሊሠራው የማይችል ነገር ነው፤ የሚተክለው አንዱ ነው፤ የሚያርፍበት ሌላው ነው። ከጥላ የተቀመጠ ሁሉ ባለዕዳ ነው። ዕዳው ደግሞ ለአበዳሪው የማይመለስ፣ ገና ላልተወለደው የሚከፈል ነው። የሚከፈለውም በሁለት መንገድ ነው፤ ዛፍ በመትከልና በመጠበቅ፣ ከወገቡ የጎበጠውን ሰው ሸክም በማቅለል። አንዱን ከፍሎ ሌላውን የተወ ሰው ከዕዳው አልተፈታም፤ ሸክሟን ሳታወርድ የምታልፍ ሴት ባለችበት መንገድ ዳር የሚተከል ዛፍ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

የማይ ኪራሕ ታሪክ የልጁን ስም ይነግረናል፤ የአጎቱንም ስም፣ የቦታውንም ስም ይነግረናል። ትሉ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ እንኳ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ዛፏን ማን እንደ ተከላት፣ ወይም ሊቆርጣት መጥረቢያ ይዞ መጥቶ ማን እንደ ተዋት ግን የሚናገር የለም። ያ ሰው ያሬድን አላወቀም፤ ዜማውንም አልሰማም። እርሱ ባይኖር ግን አንድ ተስፋ የቆረጠ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።